ያላደረስከው መርዶ

ለባለቤቴ ለደረጀ፣

ባለህበት ሰላም ሁን። ከተለያየን ዓመት አልፎ ወራት ተቆጠሩ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል፤ ዘመድ ወዳጅ በልቶ ጠጥቶ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ወደየቤቱ ሄዷል። እንደ ወጉ ቢሆን ከዚህ ወዲያ ስምህን ሳነሳ ድምፄ ለስለስ ማለት ነበረበት። አልለሰለሰም። ለምን እንዳልለሰለሰ ልነግርህ ነው ብዕር ያነሳሁት። ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ የምጽፈውም ሆን ብዬ ነው፤ አንተ የተሸፈነ ነገር አትወድም ነበር፣ በተለይ የሸፈነው ሌላ ሰው ሲሆን።

በመጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላድርስህ። አራዳ የነበረኝን ሱቅ ለቅቄ ጥልፉን ወደ ቤት አምጥቼዋለሁ፤ ፊልም የምታቀናብርበት ክፍል አሁን የእኔ መሥሪያ ነው። ኮምፒውተርህ ጥግ ላይ ነጠላ ተከናንቦ ተቀምጧል። ልጃችን ሳምራዊት ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት በልጣኛለች፣ በምላስም እየደረሰችብኝ ነው። ያንን ኪሱ የበዛ ጃኬትህን እጅጌውን አሳጥሬላት እሱን ለብሳ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። መብራቱ እንዳንተ ጊዜ ነው፤ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል። እናቴ አለች፤ እዚያው ጠዳ መንገድ ዳር ነጭ ሽንኩርቷን ትሸጣለች። ያ ስጠልፈው የኖርኩት የስለት ጃንጥላም አልቆ ከቤት ወጥቷል፤ እናቴ በተሳለችው መንገድ ግን አይደለም። እደርስበታለሁ።

የተዋወቅንበትን ቀን መቼም አትረሳውም። የአክስቴን ልጅ ሠርግ ልትቀርጽ መጥተህ ነበር። ያኔ ቀጭን ነበርክና ካሜራው አንተን የተሸከመህ ይመስል ነበር። ሙሽራዋ የእናት አባቷን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ፣ ተለቅሶላት፣ ከደጁ ወጥታ መኪናው ውስጥ ልትገባ ስትል «ቆይ፣ ብርሃኑ አላማረም፤ አንዴ ብቻ ድገሙልኝ» አልክ። ከእናት አባቷ ቤት የወጣች ሙሽራ ወደ ኋላ ትመለሳለች? ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ጨበጥ አደረጉ። አጎቴ «ምነው፣ ይኼ ልጅ ጤናም የለው?» ሲሉ ትዝ ይለኛል። አንተ ግን አንድ በአንድ ጉልበታቸውን ስመህ፣ አስቀህ፣ ለምነህ፣ ሙሽራዋን መልሰህ አስወጣሃት። ሁለተኛ ተመረቀች፣ ሁለተኛ ተለቀሰላት። የእኔ ልብ የሸፈተው ያኔ ነው። ሰውን ሁሉ እሺ ማሰኘት ታውቅበት ነበር።

«ድገሙልኝ» ከዚያ ወዲህ የቤታችን ቀልድ ሆነ። ተጣልተን ስንታረቅ እንኳ «እርቁን ድገሙልኝ» እያልክ ታስቀኝ ነበር። ሥራ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም። ገበሬው የፈታውን በሬ እንደገና ጠምዶ እንዲፈታ፣ አሮጊቷ የዘጋችውን በር ከፍታ እንደገና እንድትዘጋ ታደርግ ነበር። እውነቱ ያው ነው፣ እኔ የማስተካክለው ብርሃኑን ብቻ ነው ትለኝ ነበር፤ እኔም አምንህ ነበር።

ከሠርግ ቀረጻ ተነስተህ የመንግሥት ጣቢያ ጋዜጠኛ ስትሆን አባትህ ብዙም ደስ አላላቸውም። የቅኔ መምህር ናቸውና ዳዊት ደግመህ፣ ዲቁና ተቀብለህ ስታበቃ ጉባኤያቸውን ትወርሳለህ ብለው ነበር የጠበቁት። ከኮላ ድባ ወዲያ ያለው የዚያ ቀበሌ ቧንቧ ሲመረቅ ግን ስምህ ወጣ። ባለሥልጣኑ ሪባን ቆርጦ ቧንቧውን ከፈተ፣ ውኃው ፏ አለ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። አንተ ካሜራህን ይዘህ ከአጥሩ ጀርባ ዞርክ። ለዕለቱ ብቻ የተሰቀለ በርሜል ነበር፤ ሁለት ሰዎች ላብ እስኪያጠምቃቸው በባልዲ ይሞሉታል። እልልታውንና በርሜሉን አንድ ላይ አድርገህ አቀረብክ። አለቃህ በርሜሉን ቆርጠህ ጣለው አሉህ፣ እምቢ አልክ፤ ዜናውም አልተላለፈ፣ አንተም ከሥራህ ወጣህ። የመጀመሪያው ዘጋቢ ፊልምህ ከዚያ በርሜል ተወለደ፤ የደንቢያ ገበሬዎች ሲያዩት እየሳቁ ነበር እንባቸውን የሚጠርጉት።

ከሥራ የተባረርክ ዕለት ቤት ገብተህ ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ የተናገርከውን ይዤዋለሁ። «ሕዝብ የራሱን ጉዳይ ከሁሉ በኋላ ነው የሚሰማው፤ የእኔ ሥራ ባለቤቱ ቀድሞ እንዲሰማ ማድረግ ነው» አልክ። ከዚያ በኋላ መሬታቸው ስለተወሰደባቸው ሰዎች፣ ከቀያቸው ስለተፈናቀሉ፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ታስረው ስለቀሩ ሠራህ። ራስህም ታሰርክ። እኔ ምሳ ዕቃ ይዤ፣ እናቴ ከጠዳ ቆሎ ቋጥራ፣ በሩ ላይ ተሰልፈን ዋልን። ቀረጻውን የት ደበቅከው፣ ማን ነገረህ እያሉ ሲያፋጥጡህ የአንድ ሰው ስም ከአፍህ አልወጣም። ሲፈቱህ ከስተህ፣ ጢምህ ደረትህ ላይ ደርሶ ነበር። ምስጢር የሚችል ባል ሰጠኝ ብዬ ኮራሁብህ። በምን ስኮራ እንደኖርኩ ተመልከት።

ከዚያ ይግዛው ጠፋ። ላንተ ስለ ይግዛው መንገር አያስፈልገኝም፤ ይህን ለሚያነበው ሰው ስል ነው። ይግዛው ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ከእኔ ሌላ እናቴ ያላት አንድ ልጇ። ባሕር ዳር ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲመጣ፣ በዚያ አገር በተረበሸበት ሰሞን፣ ከአውቶቡስ አስወርደው ወሰዱት። ማን እንደወሰደው እንኳ አንድ ዓይነት ወሬ የሚነግረን ሰው አላገኘንም። ያላንኳኳኸው በር፣ ያልቆምክበት ቢሮ አልነበረም፤ ይህን አልክድህም። አባቴ ቄስ ወርቁ ቀድመው በማረፋቸው ተመስገን ያልኩበት ጊዜ ነበር።

እናቴ ነጭ ሽንኩርቷን የምትሸጠው ጠዳ ገበያው ውስጥ ነበር። ይግዛው ከጠፋ በኋላ ጆንያዋን አንስታ የባሕር ዳር መኪና የሚቆምበት መንገድ ዳር ወረደች። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ሚዛኗን ትታ፣ ደንበኛዋን ትታ፣ አንገቷን ስባ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ታያለች። ለገብርኤልም ተሳለች፤ ልጄን በእግሩ ከመለስክልኝ በወርቅ ክር የተጠለፈ ጃንጥላ አገባለሁ አለች። ጠላፊዋ እኔ ነኝና ጨርቁን ዘርግቼ ጀመርኩ። ያልተሞላ ስለት አስቀድሞ አይጠለፍም ያሉኝ ነበሩ፤ እናቴ ግን ሲመጣ እንዳንዘገይ አለች።

ፊልም ላድርገው ብለህ ስትጠይቃት እሺ ትላለች ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ለፎቶ እንኳ ፊቷን በነጠላ የምትሸፍን ሴት ናት። እሺ ያለችህ ዝና ፈልጋ አይደለም፣ ያንተን ሥራ ወድዳም አይደለም። «ፊልሙን ብዙ ሰው ያየዋል አይደል ልጄ? ከብዙ ሰው መካከል አንድ ያየው አይጠፋም» ነበር ያለችህ። ካሜራውን ልጅ መፈለጊያ አድርጋ ነው የተቀበለችው። አንተም እጇን ስመህ «እሱን ነው የምፈልገው እማዬ» አልካት። እኔ አጠገባችሁ ነበርኩ።

«የጠዳዋ እናት» ከወጣ በኋላ የሆነውን ታውቀዋለህ። አዲስ አበባ ታየ፣ ባሕር ማዶ ታየ፣ ሰው ስምህን እየጠራ አለቀሰ። ከሁሉ የተወደደው የአውቶቡሱ ቦታ ነበር፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አውቶቡሱ ይቆማል፣ እናቴ ከጆንያዋ ተነስታ ወደ በሩ ትሄዳለች፣ ሰው ወርዶ ወርዶ ያልቃል፣ በሩ ይዘጋል፣ እሷ አቧራው ውስጥ ቆማ ትቀራለች። ብርሃኑ እስኪያምርልህ ደጋግመህ አስኬድካት። ጎንደር አዳራሽ ውስጥ የታየ ዕለት ሰዉ ሁሉ ተነስቶ ሲያጨበጭብ እናቴ ፊት ወንበር ላይ ነበረች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ከእነዚህ ውስጥ ያየው አለ?» አለችኝ። ላንተ ነገርኩህ። ወደሚያጨበጭበው ሰው ዞረህ እጅ ነሳህ፤ በጫጫታው ያልሰማኸኝ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ጉበትህ ታመመ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነህ እናትሽን ጥሪልኝ አልክ። መጣች። እያቃሰትክ ከትራስህ ተነስተህ፣ ከአልጋው ወርደህ እግሯን ሳምክ፤ ነርሷ እንኳ ልትመልስህ አልቻለችም። እናቴ ራስህን ይዛ «አይዞህ ልጄ፤ ይግዛው ሲመጣ ያንተን ደግነት እኔው ነኝ የምነግረው» ብላ መረቀችህ። ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ሞትን ፈርቶ ነው ብለን አባበልንህ። ስትሞት እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች «ሁለተኛው ልጄ» እያለች አለቀሰችልህ፤ እግዜር ሲሰጥ አማችም እንዲህ እንደ ልጅ ይለቀስለታል አለ ያየ ሁሉ።

እስከዚህ ድረስ ያዘንኩ ሚስት ነበርኩ። የሙት ዓመትህ ዕለት ግን ሰዉ ገብቶ ወጥቶ ሲያበቃ አንድ ሽማግሌ መጡ። ቡሉኮ የለበሱ፣ ዱላቸው ላይ የተደገፉ፣ ከደባት በላይ ካለው ደጋ የመጡ ገበሬ ናቸው። ስማቸው አያ ቢራራ ነው። ሞትህን ቆይተው ሰምተው፣ መንገድ ተከፈተ ሲባል የመጡ ናቸው። ከቀረበላቸው ጥቂት ቀመሱና እኔ ወዳለሁበት ቀርበው እጄን ያዙ። «እግዚአብሔር ያጥናሽ፤ የወንድምሽ ኀዘን ሳይወጣልሽ ባልሽ ተደረበብሽ። ምነው፣ ባንቺ ላይ እንዲህ በዛ?» አሉኝ። ሌላ ሰው መስያቸው ይሆናል ብዬ፣ የእኔ ወንድም ጠፋ እንጂ አልሞተም አልኳቸው። እጄን እንደያዙ ፊቴን ሲያዩኝ ቆዩ። «አልነገረሽም?» አሉ። ከዚያ ቃል በኋላ የተናገሩት ሁሉ ትርፍ ነበር፤ ከዓይናቸው ሰምቼዋለሁ።

ትርፉንም ግን ተቀምጬ ሰማሁ። እሳቸውና ይግዛው አንድ ቦታ ታስረው ነበር። «ሸጋ ልጅ ነበር፤ የኔን ገበታ ሳያይ እህል አይቀምስም» አሉኝ። ንዳድ ያዘው፣ መድኃኒት አላገኘም፣ በእሳቸው ጭን ላይ ሞተ። እስረኞቹ ተሸክመው ከደባርቅ በላይ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ጓሮ፣ ጥድ ሥር ቀበሩት። ሲፈቱ እናቱ ጠዳ መሆኗን እንጂ ሌላ አያውቁም ነበርና ስለጠፉ ሰዎች የሚጠይቅ ፊልም ሠሪ ደባርቅ መጥቷል ሲባል ወደ አንተ መጡ። አንተም «እኔ የእህቱ ባል ነኝ፤ መርዶውን እኔ አደርሳለሁ» አልካቸው። ልቅረጽዎ ብለህ ስትለምናቸው እምቢ ያሉህን ነገሩኝ፤ «ሞት ድገሙት አይባልም» ነበር ያሉህ። መርዶ የተቀበለ ሰው ተሸከመው ማለት ነው፣ ከነጋሪው ላይ ወረደ ማለት ነው፤ እሳቸው ይህን አምነው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። እንዲያ ያለውን አደራ የሚበላ ይኖራል ብሎ ያሰበ በአገራቸው የለም። ለዚህ ነው ሳይጠራጠሩ የሁለት ሰው ማስተዛዘኛ ይዘውልኝ የመጡት።

መቼ ነው የነገሩት አልኳቸው። በሁዳዴ ነው አሉኝ፤ እሱ ደባርቅ የመጣበት ሁዳዴ ነው አሉ። ያን ሁዳዴ አስታወስኩት። ከደባርቅ ስትመለስ ቁርጥማት ያዘኝ ብለህ ተኝተህ ነበር። ጠበል አምጥቼ አስጠምቄሃለሁ፣ እግርህን በሙቅ ውኃ አጥቤሃለሁ፣ ብርዱ ነው ብዬ ጋቢ ደርቤብሃለሁ። ሲሻልህ ካሜራህን አንስተህ ጠዳ ወረድክ፤ የአውቶቡሱን ቦታ የቀረጽከው ያን ጊዜ ነው። እኔ ውኃና ጥላ ይዤ ከጎንህ ቆሜ ነበር። ከዚያ አውቶቡስ የሚወርድ ልጅ እንደሌላት እያወቅህ እናቴን ሂጂ ተመለሽ፣ አንገትሽን ሳብ አድርጊ፣ አንዴ ብቻ ድገሚልኝ ስትላት ነበር። አንድ ያየው ሰው ይገኛል ብላ ፊቷን ሰጠችህ፤ ያየው ሰው ተገኘ፤ ፊልምህ ገና አላለቀም ነበር።

እኔንም አልተውከኝም። ያን ሰሞን ጃንጥላውን ስጠልፍ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ጣቶቼን ቀረጽክ። መርፌው ሲገባ፣ ሲወጣ። ፊልሙ ላይ እናቴ ስለት ስትሳል ድምፅዋ እየተሰማ የሚታዩት የእኔ ጣቶች ናቸው። ለሞተ ሰው መመለሻ ስጠልፍ እያየህ «እጅሽ እንዴት ያምራል» አልከኝ። ዛሬም ክር በመርፌ ሳስገባ ያ ቃል ይመጣብኛል።

ምክንያት ልፈልግልህ ሞከርኩ፤ እንዳልሞከርኩ አይምሰልህ። ወሬውን ላጣራ ብሎ ነው አልኩ፤ አያ ቢራራ ግን ይግዛው አንገቱ ላይ ያሰረውን ማተብ ቆርጠው ሰጥተውሃል፣ እናቴ ያሰረችለትን፣ አረንጓዴና ጥቁር ክር የተገመደ። የት እንዳደረስከው አላውቅም። ለእናቴ አዝኖ ነው አልኩ፤ ያዘነ ሰው ግን እናትን አቧራ ውስጥ አመላልሶ አያስቆምም። ቀን ሲጠብቅ ቀኑ አለፈበት አልኩ። ይኼኛው ሳይሆን አይቀርም። ፊልሙ ሲያልቅ እነግራታለሁ ብለህ፣ ፊልሙ ሲታይ ብለህ፣ ጭብጨባው ሲያልፍ ብለህ። ጭብጨባው ግን አላለፈም፤ እሷን «የጠዳዋ እናት» ብሎ ያወቃት ሰው ሁሉ ጠባቂ ሆና እንድትቀር የሚፈልግ ሆነ፣ አንተም ከእነሱ አንዱ ሆንክ።

ወደ ነፍስ አባትህ ሄድኩ። ገና ስጀምር ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ልጄ፣ ኑዛዜ ከእኔ ጋር መቃብር ይገባል፤ እሱን አትጠይቂኝ። ፍትሐቱን ግን እኔው ነኝ የፈታሁት፤ እሱ ምስጢር አይደለም» አሉኝ። በዚያው ሁዳዴ ሄደህ፣ ዘመዴ ነው ብለህ፣ ወልደ ሚካኤል የሚለውን የይግዛውን የክርስትና ስም ሰጥተህ ፍትሐት አስደርገህለታል። እንዳልዋሽህ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ነፍሱ ያለ ጸሎት አልቀረችም። ከቤታቸው ወጥቼ አስፋልቱ ላይ ስደርስ ግን ደስታው ቁጣ ሆነ። ለእግዚአብሔር ነግረሃል፣ ለቄሱ ነግረሃል። የቅኔ መምህር ልጅ ነህና ለነፍሱ ምን እንደሚያስፈልግ አላጣኸውም። የወለደችው ግን ሳትሰማ ከሁሉ በኋላ ቀረች፤ ያውም ባለቤቱ ቀድሞ ይስማ ካልከው ካንተ አፍ።

ይህን በሆዴ ይዤ ሳለሁ ካሜራ ትይዝልህ የነበረው ጓደኛህ ሰሎሞን ደወለ። መታሰቢያህ እንዲሆን «የጠዳዋ እናት»ን አዳራሽ ተከራይተው ሊያሳዩ ነው። እናቴን ፊት ወንበር ላይ እናስቀምጣለን፣ አበባ እንሰጣታለን አለኝ። እሱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን እናቴ ባዶ አውቶቡስ ስትጠብቅ ራሷን እያየች፣ ሰው ሲያጨበጭብላት፣ ዞር ብላ «ያየው አለ?» ስትለኝ ታየኝ። እኔም ዝም ብል ካንተ በምን እለያለሁ። ለሰሎሞን ቆይ አልኩትና ሰው ልኬ አያ ቢራራን አስጠራኋቸው።

ማለዳ ጠዳ ጎረቤት ቤት ተሰበሰብን፤ ዘመዶች፣ ሽማግሌዎች፣ አያ ቢራራ። ሽማግሌዎቹ መከሩ። የሞተ ሰው በክፉ ባይነሳ ይሻላል፣ ያንተ ስም ይቅር፣ አያ ቢራራ ታምሜ ዘገየሁ ይበሉ ተባለ። እኔን የጠየቀኝ የለም። እናቴ ነጭ ሽንኩርቷን ስትለቅም ነበር የደረስንባት። ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ደጇ ላይ ስታይ የያዘችው ከእጇ ወደቀ። ማንም ቃል ሳይናገር መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ የሆነውን አልጽፍልህም፤ ያንተ ካሜራ ባለመኖሩ ደስ ብሎኛል።

የመጀመሪያው ለቅሶ ሲያርፍ አያ ቢራራን ወደ እሷ አስጠጋቻቸው። እንዴት እንደሞተ ጠየቀች፣ የት እንደተቀበረ ጠየቀች። ጥዱን ሲነግሯት ራሷን ነቀነቀች። ቀጥላ «ይህን ሁሉ ጊዜ ወዴት ነበሩ?» አለቻቸው። አያ ቢራራ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «ታምሜ…» ብለው ጀመሩና ውሸቱ አልወጣ አላቸው። ያኔ ተናገርኩ። ደረጀ ያውቅ ነበር አልኩ። ከነገሩት ቆይቷል፣ በሁዳዴ ሰምቶ ነበር አልኩ። እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገልጣ አየችኝ። ለምን አላለችም፣ አልረገመችህም። «አውቶቡሱን ሲያስጠብቀኝ?» አለች። አዎ አልኳት። ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም።

ድንኳን ተጣለ፣ ለቅሶ ደራሹ መጣ። እናቴ ተነስታ ልጇን አለቀሰች። ባለፈው ዓመት አንተን «ሁለተኛው ልጄ» እያለች ያለቀሰች ሴት ሙሾ ስታወርድ ሁሉም ያንተን ስም ጠበቀ። አልጠራችህም። ለቅሶው እስኪያልቅ አንድ ስም ብቻ ጠራች። አልቃሿ አውቃም ይሁን ሳታውቅ «አማችሽስ» ብላ ስታነሳሳት እጇን አንስታ አስቆመቻት።

ከለቅሶው በኋላ ጃንጥላውን ጨርሺው አለችኝ። በእግሩ ካልመጣ ስለቱ አልያዘሽም ብያት ነበር፤ እሱ የተኛበት ቤተ ክርስቲያን ይግባ አለች። ጨረስኩት። ደባርቅ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግራችን ሄደን፣ አያ ቢራራ እየመሩን፣ እናቴ በራሷ እጅ አስገባችው። ጥዱም አለ፣ መቃብሩም አለ። ድንጋዩን ሳመችና አጠገቡ ተቀምጣ ከሰዓቱን ሙሉ ዋለች። ይህን ያህል ቅርብ ነበር ለካ።

ለሰሎሞን ፊልሙ አይታይም አልኩት። ለምን ሲለኝ እጽፋለሁ ብዬዋለሁ፤ ይኸው ጻፍኩ። አዳራሽ ልትመጡ የነበራችሁ ሁሉ እናቴን ጠባቂ አድርጋችሁ አታስቧት። አሁን ጆንያዋን ወደ ገበያው አዙራ ትቀመጣለች፤ አውቶቡሱ ከጀርባዋ ይቆማል፣ እሷ ሚዛኗን ትመዝናለች። አንዳንዴ የሚያውቋት ሰዎች ከመስኮት ሆነው ስልካቸውን ያወጡባታል። ፊቷን በነጠላ ትሸፍናለች።

ደረጀ፣ እንዳልረሳህ አትስጋ። የሠርጉን ቀን አልረሳውም፣ በርሜሉን አልረሳውም፣ እስር ቤቱ በር ላይ ስትወጣ ያቀፍከኝን አልረሳውም። ሳምራዊት ስለ ሥራህ ስትጠይቀኝ ሁሉንም እነግራታለሁ፣ መልካሙንም ይህንንም፤ ከሌላ ሰው እንድትሰማው አላደርግም። አሁንም እወድሃለሁ፤ ያናደደኝም እሱ ነው። በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለጸሎት ስም ስሰጥ ሁለት ስም እሰጣለሁ፤ የይግዛውን አስቀድሜ፣ ያንተን አስከትዬ። ቃሌ ነው። እናቴ ግን የምትሰጠው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ያንተን እንድትጨምር አልለምናትም።

ባለቤትህ እናኑ